ይሄ መብራት ማንን ነው የሚፈልገው?

 ዛሬ ስለ ፈተናም ስለ ደመወዝም አይደለም የምጽፈው። ስለ ሠርግ መብራት ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ባለፈው ጥር እዚሁ ሐይቅ አንድ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ቦታ የደረሰኝ ከሙሽራዋ አያት አጠገብ ነው። ከሙሽሮቹ መቀመጫ ግራና ቀኝ አራት ተንቀሳቃሽ መብራቶች ተተክለዋል፤ «ሙቪንግ» የምንላቸው። ሙሽሮቹ ሲገቡ ይሽከረከራሉ። ምግብ ሲነሳ ይሽከረከራሉ። ሽማግሌዎች ለምርቃት ሲቆሙም ይሽከረከራሉ። ጨረሩ በየደቂቃው የእኛን ጠረጴዛ ገርፎ ያልፋል። እማማ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሳብ አድርገው ቆዩና ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ መብራት ማንን ነው የሚፈልገው?»

ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። እኚህ እናት የዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈላቸው ዓመት አልሞላቸውም። የልጅ ልጃቸውን ሠርግ በዓይናቸው ሊያዩ መጥተው ተከናንበው አመሹ።

መብራቱን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ደግሞ ተማሪዬ የነበረ ነው። እቁብ ሲደርሰው አራቱንም ያገለገሉ ሙቪንጎች ከአዲስ አበባ ገዝቶ ያመጣ፣ በላቡ የሚያድር ልጅ። በማግስቱ አግኝቼ ለምን ትንሽ እንደማያቆማቸው ጠየቅኩት። «ቲቸር፣ ካላሽከረከርኩት 'ታዲያ ሙቪንጉ የታለ?' ይሉኛል» አለ። እውነቱን ነው። የሚከፍለው ሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የተከራየው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ሙቪንግ መብራት ሠርግ ላይ አብዛኛውን ሰዓት ቆሞ ማምሸት አለበት። መሬት ላይ ተቀምጦ ከሥር ወደ ላይ ድንኳኑን፣ ግድግዳውን፣ ዛፉን ያብራ። መሽከርከሩ ለጭፈራው ይቆይ። ምክንያቴን በፊዚክስ መምህር አፍ ላስረዳ።

መጀመሪያ፣ ይሄ ዕቃ የተሠራው ለትልቅ መድረክ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ጀነሲስ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን ባርሴሎና ላይ ጉዞውን ሲጀምር ቫሪ ላይት የሚባሉትን መብራቶች ይዞ ወጣ፤ የዛሬው ሙቪንግ ታሪክ ከዚያ ነው የሚቆጠረው። ውስጡ ሞተሮች አሉት፤ አንዱ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ያጎነብሳል። ትእዛዙ የሚሄደው ዲኤምኤክስ 512 በሚባል መስመር ነው፤ በአንድ ገመድ 512 ቻናል፣ እያንዳንዱ ቻናል ከ0 እስከ 255 ቁጥር ይቀበላል። በትልልቅ መድረኮች መብራቱ የሚሰቀለው ከሰው አናት በላይ በጣም ከፍ ብሎ፣ ብረት ላይ ነው። ጨረሩ በአየር ላይ ያልፋል፤ ሰው ከታች ሆኖ ያያል።

እኛ ጋ ግን ድንኳኑ ዝቅ ያለ ነው። የሚሰቀልበት ብረት የለም። ስለዚህ መብራቱ ስፒከር ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ያ ከፍታ የተቀመጠ ሰው የዓይን ከፍታ ነው! ዕቃው አልተበላሸም፣ ልጁም አላጠፋም፤ ከስታዲየም የመጣውን አጠቃቀም እንዳለ ድንኳን ውስጥ አስገባነው፣ በቃ።

ሁለተኛ፣ ብርሃን ራሱ አይታይም። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ! የምናየው ዕቃ ላይ አርፎ ሲመለስ ነው። ለዚህ ነው ለጨረር ጭስ ማሽን የሚያስፈልገው። ጨረሩን ነጭ የድንኳን ጨርቅ ላይ ካሳረፍነው ግን ጨርቁ ብርሃኑን በየአቅጣጫው በትኖ ለሁሉም ሰው ያከፋፍለዋል። አምፖሉ ዓይን አይወጋም፤ ድንኳኑ በሙሉ ልዝብ ፋኖስ ይሆናል። ልጆች ሆነን ፋኖስ የዳሱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ሰው እየተያየ ሲያመሽ ትዝ ይላችኋል? ፋኖሱ ማንንም አያሳድድም ነበር።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በዚህ ሥራ ያላችሁ ልጆች ይቺን ልብ በሉ።

ሙቪንግ ሁሉ አንድ አይደለም። «ቢም» የሚባለው ጨረሩ ቀጭን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ። ሦስት ሜትር ርቆ የሚያርፍበት ቦታ ከሰሃን አይበልጥም። ግድግዳ ላይ ብታሳርፉት ነጭ ነጥብ ነው የምታገኙት። ይሄ የሚሆነው ለቀጭንና ለረጅም ነገር ነው፦ ለምሰሶ፣ ለዛፍ ግንድ፣ ለሕንፃ ዓምድ። እግሩ ሥር አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ላኩት። «ዋሽ» የሚባለው ደግሞ ሰፊ ነው። 40 ዲግሪ ከተከፈተ በሦስት ሜትር ርቀት ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ይሸፍናል። ለጨርቅና ለግድግዳ እሱ ነው። ያላችሁ ቢም ብቻ ከሆነ፣ ውስጡ ፍሮስት ካለው እሱን አስገቡበት፤ ጨረሩን ያለዝበዋል።

ቀለም ላይ ደግሞ እባካችሁ! ቀይ ወጥ ቀይ የሚመስለው ቀዩን ብርሃን ስለሚመልስ ነው። በሰማያዊ መብራት ብቻ ስታበሩበት የሚመልሰው ቀይ የለም፤ ዶሮ ወጡ ጥቁር ይሆናል። ሰው የሚበላውን ሳያይ ይበላል ማለት ነው። አረንጓዴ ደግሞ የሙሽራዋን ፊት የታመመ ያስመስላል፤ ሜካፕ የሠራችላት ልጅ ድካም ገደል ይገባል። ምግብና ፊት ባለበት ሞቅ ያለ ነጭ ወይም ቢጫ ይሁን። ሰማያዊውን ከሙሽሮቹ ጀርባ ላለው ጨርቅ ስጡት።

መብራት ኃይሉንም እናስላ። 230 ዋት አምፖል ያለው ቢም ከሞተሩና ከማራገቢያው ጋር 350 ዋት ይወስዳል ብለን እንያዝ። ስምንት ከሆኑ 2,800 ዋት ነው። ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 13 አምፔር ይጠጋል። ስፒከሩ፣ ማቀዝቀዣው ገና አልተቆጠረም። ይሄን ሁሉ በአንዲት ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ መጫን እሳት መጥራት ነው። በዚያ ላይ የእነዚህ አምፖሎች አንድ ጠባይ አለ፦ መብራት ብልጭ ብሎ ቢጠፋና ወዲያው ቢመለስ፣ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይበራም። ደቂቃዎች ይፈጃል። መብራት እንደኛ ሰፈር በሚጠፋበት አገር ቢያንስ አንድ ሁለት ኤልኢዲ መብራት በመጠባበቂያ መያዝ ግድ ነው፤ ኤልኢዲ ወዲያው ነው የሚመለሰው።

መሬት ላይ ሲቀመጥ የሚመጣም ጣጣ አለ፤ አልደብቅም። ከጨርቅ ስንት ርቀት መጠበቅ እንዳለበት ዕቃው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ካልጠበቃችሁ ጨርቁ ይቃጠላል። ሕፃናት ይነኩታል፤ ይከለል። ጠዋት ስትተክሉ ሌንሱን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ አትተዉት፤ እንደ ማጉያ መነጽር ፀሐዩን ሰብስቦ ውስጡን ያቃጥለዋል። አብዛኞቹ ዝናብ አይችሉም። ማራገቢያቸውም ይጮኻል፤ ሽማግሌ ከሚናገርበት ቦታ አርቁት። አዲስ የምትገዙና ለዚህ ሥራ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ተራ ኤልኢዲ ፓር ይበቃችኋል፤ ለማይዞር መብራት የሞተር ዋጋ መክፈል የለባችሁም። እኔ የምናገረው ስላለን ዕቃ ነው። በእኛ ከተማ አሥራ ሁለት ፓር ደርድሮ የሚያከራይ አላየሁም፤ አራት ሙቪንግ ያለው ግን አለ። እነዚያው አራቱ እራት ላይ ቆመው ድንኳኑን ያብሩ፣ ጭፈራው ሲጀመር ተነሥተው ይጨፍሩ። ሁለት ሥራ በአንድ ዕቃ።

አሁን ዋናውን ልናገር፤ ይሄን ሁሉ ያጻፈኝ እሱ ነውና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሠርግ ላይ ከልጁ ጋር ሞከርነው። ሁለቱን ከሙሽሮቹ ጀርባ መሬት ላይ፣ አንዱን በሩ ላይ ካለው ምሰሶ ሥር፣ አንዱን ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ግራር ሥር አደረግን። ጥር ስለሆነ ዝናብ አልፈራንም። ግራሩ ሲበራ ሰው ወጥቶ ሥሩ ፎቶ ይነሣ ጀመር። ሽማግሌዎች ቆመው ሲመርቁ ፊታቸው ይታይ ነበር፤ «አሜን» የሚለው ሰውም እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። ቪዲዮ ቀራጩ «ዛሬ ዓይኔ አረፈ» አለ። ከዚያ ከበሮው ሲመታ ልጁ አራቱንም በአንድ ጊዜ አስነሣቸው። ድንኳኑ በጩኸት ተሞላ! ሙሉ ማታ ሲሽከረከር የዋለ መብራት እንዲህ አያስጮህም። የአምባሰል ቅኝት አገር ሰዎች ነን፤ እያንጎራጎረ ቆይቶ ከፍ የሚል ድምፅ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አይነገረንም።

ታዲያ መጨረሻው? ሒሳብ ሲደርስ የሠርጉ አስተባባሪ «መብራቱ እኮ ሲበላሽ ነው ያመሸው፣ ቆሞ ነበር» ብሎ ከተስማሙበት ላይ ቀነሰበት። ልጁ ቢያስረዳ ሰሚ አጣ። በማግስቱ «ቲቸር፣ የእርስዎ ፊዚክስ እቁቤን በላው» አለኝ፤ እየሳቀ ነው፣ ግን አልሳቀም። የጎደለውን ከኪሴ ልሰጠው ብል እምቢ አለኝ። ስለዚህ ዕዳዬን በዚህ ጽሑፍ ልክፈል።

ሠርግ ደጋሾች ሆይ፣ የቆመ መብራትም ሥራ ነው። እንዲያውም ይከብዳል። ማሽከርከር አንድ ቁልፍ ነው፤ ዕቃው ራሱ በድምፅ እየተነዳ ይዞራል። ማቆም ግን ቦታ መምረጥ፣ ማዕዘን መለካት፣ ቀለም ማዛመድ ይፈልጋል። ልጆቹ ለዚያ ሲደክሙ «ተበላሽቷል» ብላችሁ ዋጋ አትቁረጡባቸው።

የመብራት ልጆች፣ እናንተም ሥራችሁን ቀድማችሁ ንገሩ። ቀብድ ስትቀበሉ «እራትና ምርቃት ላይ ቆሞ ያበራል፣ ጭፈራ ላይ ይንቀሳቀሳል» ብላችሁ ተስማሙ፤ ከተቻለ በጽሑፍ። እኔና ተማሪዬ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። መብራቱን አስተካክለን ሰውዬውን ሳናስረዳ ቀረን። አስተማሪ ሆኜ ይሄን መርሳቴ ያሳፍራል።

«ገንዘቡ የሱ፣ ሠርጉ የሱ፤ አንተ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ደጋሹ ደስ ያለውን ያድርግ። ደግሞም በ2014 ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ በጨለማ የተቀመጥን ሰዎች ነን፤ ከዚያ በኋላ ሰው ብርሃን ቢበዛበት ደስ ቢለው አልፈርድም። እኔም ደስ ይለኛል። ግን የተጠራው እንግዳ ሙሽሮቹን ሊያይና ሊመርቅ ነው የመጣው። ወሎ ላይ ሠርግ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ውስጥ ገብቶ የሚተያይበት ቀን ነው። መተያየቱን የሚከለክል መብራት፣ መብራት ነው ለማለት ይቸግረኛል።

እማማን ከዚያ ወዲህ ገበያ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ያ መብራት የሚፈልገውን አገኘ?» አሉኝ። «ገና ነው እማማ፣ እየፈለገ ነው» አልኳቸው። «እንግዲያ ሲያገኝ ይቀመጥ በለው» ብለውኝ ሄዱ።

ያልኩት ሁሉ እዚያች ውስጥ አለች።

እስኪ እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ያጎደልኩት ካለ አርሙኝ፤ ማርክ አልቀንስም።

ቸር እንሰንብት።