የተወደደ ቢላዋ፣ የተናቀ ቀጥቃጭ

የኦጎልቾ ገበሬ ያለ ማረሻና ያለ ማጭድ አያመርትም፤ ቤቱም ያለ ቢላዋ አይውልም። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው በኦሮምኛ «ቱምቱ»፣ በአማርኛ «ጠይብ» ይባላል። ስሙ የሙያ ስም ነው፤ አጠራሩ ግን ስድብ ሆኖ ኖሯል።

አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ንቀቱ ግን አላለፈም።

የተናቀው ግን እውቀት ነው። አሮጌ የመኪና ባሌስትራ በወናፍ እሳት ይግላል፣ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፣ እንደገና ግሎ ዘይት ወይም ውሃ ውስጥ ይነከራል። ያኔ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ጠርሙስ ይሰበራል። ስለዚህ በቀስታ ይሞቃል፤ ፊቱ በመጀመሪያ የገለባ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ሰማያዊ ቀለም ያወጣል። የቢላዋ ስለት ገለባው ላይ ካልተያዘ ይለሰልሳል። ቀጥቃጩ ይህን የሚለየው በዓይኑ ብቻ ነው።

በውጭ አገር ይህንኑ የእሳት ቀለም ለጌጥ ትተው፣ ባለቀለም እጀታ ገጥመው፣ የሠሪውን ስም ቀርጸው በውድ ይሸጡታል። እዚህ ሠሪው ስም የለውም፤ ገዢው የሚከራከረው ከፋብሪካ ቢላዋ ዋጋ ጋር እያስተያየ ነው።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ቀጥቃጩን አሠልጣኝ አድርገው ይቅጠሩት። እሱም በሥራው ላይ ምልክቱን ይምታ፤ ገዢውም ለምልክቱ ይክፈል። ብረት እንደጋለ ነው የሚቀጠቀጠው፤ ልጁ ስድቡን ሸሽቶ ወናፉን ጥሎ ከሄደ በኋላ እሳቱን ማን ያነደዋል?