ወገቤ፣ መርፌዋና የታጠብንበት ውሃ

ዛሬ ስለ ወገብ ላወራ ነው። «ታክሲ ነጂ ስለ ወገቡ ካላወራ ስለ ምን ሊያወራ ነው» የምትሉ አላችሁ። ታገሱኝ፤ ወሬው ከወገብ ተነስቶ አህያና ጥንብ አንሳ ድረስ ይሄዳል።

አርላንዳ ወረፋ ላይ ሌሊቱን የሚያነጉ ጓደኞቼ ያውቁታል። አሥር ሰዓት ከተቀመጥክ በኋላ የተሳፋሪ ሻንጣ ልታነሳ ስትጎነበስ ወገብህ እንደ ዛገ ማጠፊያ ቀጥ ይላል። እኔ ለሦስት ዓመት መፍትሔዬ ጄል ነበር፤ ዳይክሎፌናክ ያለበት፣ አፖቴክ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው። አንዱ ቲዩብ መኪናዬ ውስጥ፣ አንዱ ቤት፣ ሦስተኛው ደግሞ አዲስ አበባ ለእናቴ ጉልበት።

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ «ተው እንጂ፣ አኩፓንክቸር ሞክር» አለኝ። መርፌ በሽታ የሌለበት ቦታ ላይ ወግተው ወገብ ይድናል ሲሉኝ የመሐንዲስ ጭንቅላቴ እምቢ ይላል። ቢሆንም ሄድኩ። ሴትየዋ ፈቃድ ያላት ፊዚዮቴራፒስት ናት። እዚህ አገር አኩፓንክቸር ለሕመም ማስታገሻ በጤና ባለሙያዎች እንዲሰጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1984 ስለሆነ፣ የጓዳ ሕክምና አይደለም።

መርፌ ሳታነሳ ግማሽ ሰዓት ጠየቀችኝ። ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ወንበርህን ማን አስተካከለልህ? በስንት ሰዓቱ ወርደህ ትራመዳለህ? ቀጥላ «ምን ትቀባለህ?» አለችኝ። በኩራት ቲዩቡን ከኪሴ አወጣሁ።

«ከቀባህ በኋላ መቼ ትታጠባለህ?»

«እጄን ወዲያው፣ ገላዬን ስተኛ።»

«ታዲያ መድኃኒቱ የት ይሄዳል?»

አፈርኩ። እኔ አርባ ምንጭ የውሃ ምህንድስና የተማርኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርታችን ይኸው ነበር፤ የገባው ነገር ወይ ውስጥ ይቀራል ወይ ይወጣል፣ ጠፍቶ የሚቀር የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ራሴን አልጠየቅኩትም።

ቤት ገብቼ አነበብኩ። ከተቀባው ጄል ውስጥ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ የሚገባው 6 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ቆዳችን ላይ፣ ሸሚዛችን ላይ፣ ስንታጠብ ደግሞ ፍሳሹ ውስጥ ነው። የከተማችን ፍሳሽ አብዛኛው ሄንሪክስዳል ተራራ ውስጥ ወደተፈለፈለው ማጣሪያ ይሄዳል። እንዲህ ያሉ ማጣሪያዎች በተለመደው አሠራራቸው የተሠሩት ለዓይነ ምድር፣ ለናይትሮጅንና ለፎስፈረስ እንጂ ለመድኃኒት አይደለም። ዳይክሎፌናክ አብዛኛው ያልፋቸዋል፤ ከዚያ ወደ ባልቲክ ባሕር ነው። በምርምር የዓሣን ኩላሊት እንደሚጎዳ ታይቷል። የስቶክሆልም ክልል ለሐኪሞች የሚያወጣው «ክሎካ ሊስታን» የሚባለው የተመረጡ መድኃኒቶች ዝርዝር መድኃኒቱ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትም የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዓሣው ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን የሕንድ ጥንብ አንሳ ነው። ሕንድ ውስጥ ገበሬዎች ለታመሙ ከብቶች ዳይክሎፌናክ ይሰጡ ነበር። ከብቱ ሲሞት ጥንብ አንሳው ሥጋውን ይበላል፣ ኩላሊቱ ይበላሻል፣ ይሞታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ዝርያዎች ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ አለቁ። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ሕንድ ለእንስሳት እንዳይሰጥ የከለከለችው በ2006። የሚያነሳው የጠፋ ጥንብ ለውሾች ተረፈ። አገራችን ጥንብ አንሳ ምን ሥራ እንደሚሠራ ገጠር ያደገ ያውቀዋል።

እንግዲህ እዚህ ላይ «ፋብሪካ መርዝ ነው፣ ተፈጥሮ መድኃኒት ነው» የሚል አስተያየት ሊጽፍልኝ የተዘጋጀ ወንድም አይጠፋም። ቆይ!

ሁለተኛው ቀን ሴትየዋን አንድ ተሳፋሪ የነገረኝን የቻይና ባሕላዊ መድኃኒት እንድታገኝልኝ ጠየቅኳት። እምቢ አለች። «ከየት እንደመጣ የማላውቀውን ነገር ለታካሚዬ አልሰጥም» አለች። ያኔ ቢሾፍቱ ትዝ አለችኝ። ኤጂያኦ የሚባል የቻይና ባሕላዊ መድኃኒት አለ፤ ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ፣ ለደምና ለቁንጅና የሚባል። ለእሱ ሲባል የአፍሪካ አህያ መታረድ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢሾፍቱ የነበረው የአህያ ቄራ ሕዝቡ ሲቃወም ተዘጋ። በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያ ለቆዳው እንዳይታረድ ወሰኑ። አህያ የሌላት እናት ውሃውንም እንጨቱንም በጀርባዋ ነው የምትሸከመው። አንድ ሀብታም አገር ለጤናዬ ብሎ የሚጠጣው «ተፈጥሯዊ» መድኃኒት የሌላዋን ወገብ ይሰብራል ማለት ነው።

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው። ተፈጥሯዊ ነው ወይስ የፋብሪካ ብሎ መከራከር የትም አያደርስም። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ ከየት መጣ? ወዴት ይሄዳል? ሰውን በሙሉ አካሉ አያለሁ የሚል ሐኪም ሰውየው የሚታጠብበትን ውሃ ካላየ ግማሹን ነው ያየው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከማጠቢያው በታች ባለው ውሃ ላይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የልብስ እጣቢ ወዴት እንደሚሄድ ያየ ሰው መድኃኒት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት እዚሁ እኛ ታክሲ የምንነዳባት ስቶክሆልም ነው። እንዶድም ቢሆን ዓሣ ይገድላልና መጠኑ ይታወቅ ዘንድ ብዙ ዓመት ተለፍቶበታል። ቅጠል ስለሆነ ብቻ ማንም አላለፈውም።

መርፌውስ ረዳህ ወይ? ረድቶኛል፤ ግን አልዋሻችሁም። የመርፌው ይሁን በየሁለት ሰዓቱ ወርጄ መራመዴ፣ ወንበሬን ማስተካከሌ ይሁን፣ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ሊሰጡ ከሚችሉ ሕክምናዎች መካከል አኩፓንክቸርን አስገብቶታል፤ ጥቅሙ ግን መጠነኛ ነው፣ ክርክሩም አላለቀም። መርፌው ራሱ አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚጣል ብረት ነው። ሴትየዋም «ንጹሕ ነኝ» አትልም፤ «የማውቀውን ያህል አሳንሳለሁ» ነው የምትለው። እግሩ የሚደነዝዝበት ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ካለ ደግሞ መርፌም ጄልም ሳይል ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ።

እናቴን «ጄሉን ተዪው» አላልኳትም። ጉልበቷን የሚያማት እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ግን ደወልኩላት። «እማዬ፣ ከቀባሽ በኋላ እጅሽን ከመታጠብሽ በፊት በሶፍት ጥረጊውና ሶፍቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣዪው፤ ገላሽንም ወዲያው አትታጠቢ» አልኳት። እዚህ አፖቴክም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ አብዛኛው ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ይገባል፤ በአቃቂ ወንዝ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣል።

እናቴ ምን አለችኝ? «ልጄ፣ እኛ እኮ ድሮም እጣቢ ስንደፋ ከታች ማን እንዳለ እናይ ነበር።»

እናንተም የተረፈ መድኃኒት ሽንት ቤት አትድፉ፤ ወደ አፖቴክ መልሱት፣ በነፃ ይቀበላሉ። ለበዓል አገር ቤት የምትሄዱ ደግሞ ሻንጣችሁ ውስጥ አሥር ቲዩብ ከመጨመራችሁ በፊት ለማን፣ ለምንና ለስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ተረኛ ነኝ፣ ወረፋው ተንቀሳቅሷል። ወገባችሁን ጠብቁ። ሰላም እደሩ።