ሐኪሙ ማየት ሲሳነው

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ ጥፋቱን የሚጥሉት በሕመምተኛው ላይ ነው። ሕመምተኛው ሳይደብቅ ተናግሮ፣ ገላውንም ገልጦ ሳለ ሐኪሙ ማየት ቢሳነውስ? ውድ አንባቢ ሆይ፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣ የምሻው ይህን ጥያቄ ነው። ነገሬ በአመዛኙ ስለ አሜሪካ ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2016 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነጭ የሕክምና ተማሪዎችንና በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን ስለ ጥቁር ሰው ገላ ጠይቀው ያገኙትን አሳተሙ። ከተጠየቁት ግማሽ ያህሉ «የጥቁር ሰው ቆዳ ከነጭ ሰው ቆዳ ይወፍራል» ከመሳሰሉት የሐሰት እምነቶች ቢያንስ አንዱን ተቀብለው ተገኙ። እነዚህም የጥቁሩን ሕመም ከነጩ ሕመም አሳንሰው ገመቱ፤ ስለ ማስታገሻው የሰጡት ምክርም በዚያው ልክ ተዛባ። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ያልተማሩ አይደሉም። የተማሩት ትምህርት ግን ይህን ስሕተት አላረመላቸውም።

በለንደን ደግሞ ማሎን ሙክዌንዴ የተባለ ጥቁር የሕክምና ተማሪ የበሽታ ምልክቶች የሚማሩት በነጭ ገላ ላይ በሚታዩበት መልክ መሆኑን ታዘበ። በነጭ ቆዳ ላይ ቀልቶ የሚታይ ሽፍታ በጥቁር ቆዳ ላይ ጠቆር ብሎ ወይም ወደ ሐምራዊ አድልቶ ሊታይ ይችላል። ይህን ያልተማረ ሐኪም በዓይኑ ፊት ያለውን በሽታ ያልፈዋል። ወጣቱ ከሁለት የዩኒቨርሲቲው ባልደረቦች ጋር ሆኖ ምልክቶቹ በጥቁርና በጠይም ገላ ላይ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ መመሪያ በ2020 አወጣ። መጽሐፉ የጎደለውን ለማየት የቻለው በዚያ ክፍል ውስጥ ቦታ ስላገኘ ነው።

ታዲያ በክፍሉ ቦታ የሚያገኘው ማን ነው? በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ የትምህርት ባለሙያ በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን መርምሮ ዘገባ አወጣ። ዘገባው የሕክምና ትምህርትን ደረጃ ከፍ በማድረጉ ለረጅም ዘመን ሲመሰገን ኖሯል። ከ7ቱ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ግን ሊደገፉ የሚገባቸው የዋሽንግተኑ ሀዋርድና የናሽቪሉ መሃሪ ብቻ ናቸው ሲል ፈረደ። በ1923 የቀሩት 5ቱ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ነጮች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች በር ደግሞ ለጥቁር ተማሪ እጅግ የጠበበ ነበር፤ በደቡቡ ክፍል ጨርሶ ዝግ ነበር። በ2020 የታተመ ጥናት 5ቱ ትምህርት ቤቶች ባይዘጉ ኖሮ እስከ 2019 ድረስ ከ27 ሺህ እስከ 35 ሺህ የሚደርሱ ተጨማሪ ሐኪሞችን ሊያስመርቁ ይችሉ እንደነበር ገምቷል። ዛሬ ከአሜሪካ ሕዝብ 13 ከመቶ ያህሉ ጥቁር ሲሆን፣ ከሐኪሞቹ መካከል ግን ጥቁሮቹ 6 ከመቶ ያህል ብቻ ናቸው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ የወለድን ጠባይ በየዕለቱ አያለሁ። ያልተከፈለ ዕዳ ዝም ስላሉት አይቀንስም። «ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም እኩል ነን» ብሎ ማወጅም የትናንቱን ሒሳብ አይዘጋም። ሐኪም እንዳይሆን የተከለከለ አያት ለልጁ የሚከፍለው የትምህርት ገንዘብም፣ የሚያሳየው መንገድም አልነበረውም፤ ጉድለቱ ለልጅ ልጅ ተላለፈ።

በሰኔ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን መስፈርት እንዳያደርጉ ወሰነ። በ2024 ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የገቡ አዲስ ጥቁር ተማሪዎች ቁጥር ካለፈው ዓመት ከ11 ከመቶ በላይ ቀነሰ። ውሳኔውን የሚደግፉ ወገኖች «ሐኪም በችሎታው እንጂ በቀለሙ ሊመረጥ አይገባም» ይላሉ። ይህ ቀላል ቃል አይደለም፤ ሰነፍ ሐኪም የሚሻ ሕመምተኛ የለም። ነገር ግን የአንዱን ሰው ሕመም በቀለሙ የተነሣ አሳንሶ የሚገምት፣ ሽፍታውንም ከገላው ላይ ማንበብ የማይችል ሐኪም በፈተና አንደኛ ቢወጣ እንኳ ችሎታው ጎዶሎ ነው። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ የክፍሉ ስብጥር የችሎታ ተቃራኒ ሳይሆን የችሎታው አንድ አካል ነው። ሕጉ አንዱን መንገድ ቢዘጋም፣ ለድኻ ተማሪ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ መደገፍን፣ እነ ሀዋርድን ማጠናከርን፣ መማሪያ መጻሕፍትን ማረምን የከለከለ የለም።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ዶክተር መላኩ በያንን ያስታውስ። ሕክምና ተምረው በ1935 የተመረቁት በሀዋርድ ነው፤ ጣልያን ልትወርረን ስትሰናዳም ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በሙያቸው አገልግለዋል። ሳይዘጉ ከቀሩት ሁለት በሮች በአንዱ ያለፉ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ዛሬም በዚያችው ዋሽንግተንና በዙሪያዋ ስንት ወገኖቻችን በየሐኪም ቤቱ ደጅ ተቀምጠው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ሲገቡ የሚቀበላቸው ሐኪም የእነርሱን ገላ ማንበብ የተማረ እንዲሆን መመኘት ልመና አይደለም።

ቸር እንሰንብት።