ሽጉጡ በየት ይሂድ?

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ሰሞን ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንድ የሠፈራችን ልጅ ያነሣው ጥያቄ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ስለሆኑ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው። ሐኪም የመኪና ጉዞ ስለከለከላቸው የሚሄዱት በአውሮፕላን ነው። ችግሩ አንዲት አሮጌ ሽጉጥ አለቻቸው። ፈቃድ አላት፤ ቁጥሯ ተመዝግቧል። ሰውየው በሕይወታቸው አንዴም ሰው ላይ አዙረዋት አያውቁም። ግን ባዶ ቤት ጥለዋት አይሄዱም፤ መሸጥም አይፈልጉም።

«በየት ትሂድ?» አለ ልጁ።

አንዱ ቀበል አድርጎ፣ «አቦ! ይሄ ምን ያስጨንቃል? ማዳበሪያ ውስጥ እህል መሀል ከተህ በአውቶብስ ላካት» አለው። ሌላው፣ «ፖሊስ ቤት ሰው የሚያውቅ ፈልግ፤ እሱ ያደርስልሃል» አለ። ሦስተኛው ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ ነው፤ «ሻንጣ ውስጥ ቆልፈህ ለአየር መንገዱ መናገር ነው፤ እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው» አለ።

ሦስት ሰው፣ ሦስት መልስ። የመጀመሪያው ወንጀል ነው፤ ፈቃዱ የአባትየው እንጂ የሾፌሩ አይደለም። ሁለተኛው ሕግ ሳይሆን ዝምድና ነው። ሦስተኛው ደግሞ የሌላ አገር ሥርዓት ነው። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከነበርነው መካከል ግን «ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ በልበ ሙሉነት የሚናገር አልነበረም። ሁላችንም ዜና እናነባለን፣ ፖለቲካ እንተነትናለን። ፈቃድ ያለው ዜጋ መሣሪያውን ከድሬዳዋ አዲስ አበባ እንዴት በሕጋዊ መንገድ እንደሚያደርስ ግን እርግጠኛ ሆኖ የሚመልስ ጠፋ።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ፈቃድ ያለው መሣሪያ በአውሮፕላን የዕቃ ክፍል መጓዝ አለበት፤ አካሄዱም በር ላይ ተጽፎ ለማንም ተሳፋሪ መታወቅ አለበት። ነገር ግን መድረሻው ላይ መሣሪያው ከሌላው ሻንጣ ጋር በቀበቶ ላይ እየተሽከረከረ መውጣት የለበትም። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

በመጀመሪያ ዓለም ምን እንደሚያደርግ እንይ። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የደኅንነት ሰነድ፣ ማለትም የቺካጎ ስምምነት 17ኛው አባሪ፣ መሣሪያ በአውሮፕላን መጫንን ጭራሽ አይከለክልም። ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ሥልጣንና ችሎታ ያለው ሰው መሣሪያው ጥይት እንዳልጎረሰ ማረጋገጥ አለበት። ሁለተኛ፣ በበረራ ሰዓት ማንም እጁን የማያስገባበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ጥይትን በተመለከተ የአየር መንገዶች ማኅበር የአደገኛ ዕቃዎች ደንብ ለአንድ ተሳፋሪ ለራሱ መገልገያ እስከ 5 ኪሎ ግራም ይፈቅዳል። ያውም አየር መንገዱ ሲስማማ፣ በደንብ ታሽጎ፣ በዕቃ ክፍል ብቻ፣ የሁለት ሰው ድርሻ በአንድ ጥቅል ሳይደመር። የሚፈነዳ ወይም የሚያቃጥል ጥይት ግን በምንም መንገድ አይጫንም።

አሜሪካ ውስጥ ሰውዬው መሣሪያውን ባዶ አድርጎ፣ በጠንካራ ሳጥን ቆልፎ፣ ሻንጣ ወደሚያስረክብበት መስኮት ይሄዳል፤ «መሣሪያ ይዣለሁ» ብሎ ያስመዘግባል። ይህ ሁሉ ተጽፎለትና ተነግሮት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት በተሳፋሪ መፈተሻዎች 6,737 መሣሪያዎችን ይዟል። ከመቶው 93ቱ ጥይት የጎረሱ ነበሩ። የብዙዎቹ ባለቤቶች ምክንያትም «ረስቼው ነው» የሚል ነው። ሕጉ በሁሉም በር ላይ በተለጠፈበት አገር ይህን ያህል ሰው ከረሳ፣ ሕጉን በወሬ ብቻ በምንሰማበት አገር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት ነው።

ከአሜሪካ የመጣው ወዳጃችን ያላሰበው አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። እዚያ ሻንጣ እስኪያስረክብ ድረስ ተሳፋሪውን የሚፈትሸው የለም። እኛ ጋ ፍተሻው የሚጀምረው ሕንፃው ውስጥ ሳንገባ ነው። መኪናው ይፈተሻል፣ መግቢያው ላይ ሻንጣው ኤክስሬይ ውስጥ ያልፋል፣ ሰውየውም ይፈተሻል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ሽጉጣቸውን ቆልፈው «መስኮቱ ጋ ስደርስ እናገራለሁ» ብለው ቢመጡ፣ መስኮቱ ጋ ሳይደርሱ ማሽኑ ላይ ታይታለች። ሊያስመዘግቡ የመጡት ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲደብቁ እንደተያዙ ይቆጠራሉ። ማሽኑ ብረቱን ያሳያል እንጂ ኪስ ውስጥ ያለውን የፈቃድ ወረቀት አያሳይም። የሌላ አገር ሥርዓት እንዳለ ተገልብጦ እኛ ጋ የማይሠራው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ማስታወቂያው ከፍተሻው መቅደም አለበት፤ የሚናገሩበት ቦታ ከውጭው በር ይጀምራል ማለት ነው።

«ለመሆኑ ለምን ይፈቀዳል? የአውሮፕላን ጠለፋ ታሪካችንን ረሳኸው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። አልረሳሁም። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን፣ ማርታ መብራህቱና ጓደኞቻቸው ከአዲስ አበባ የተነሣውን አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ አየር ላይ ተኩስ ተከፍቶ፣ ቦምብ ፈንድቶ፣ ወጣቶቹ አልቀዋል ማለት ይቻላል። አውሮፕላኑ በተአምር ተመልሶ አረፈ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1993 ደግሞ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረውን የሉፍታንዛ አውሮፕላን አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ኒው ዮርክ ድረስ አስነድቶታል። የያዘው ባርኔጣው ሥር የደበቀው ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ሽጉጥ ነበር።

እነዚህን ታሪኮች ግን ልብ ብለን እንያቸው። መሣሪያው በሁለቱም ላይ የነበረው ሰው በተቀመጠበት ክፍል፣ በጠላፊው እጅ ነው። ከሁሉ የከፋው የኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠለፋ ላይ፣ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ከ175 ሰው 125ቱ ባለቁበት፣ ጠላፊዎቹ ሽጉጥ እንኳ አልነበራቸውም። ከአውሮፕላኑ ውስጥ ያነሡት መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ፣ ቦምብ ነው ያሉት ደግሞ የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። በአየር ላይ ያለው አደጋ ተሳፋሪው እጁ የሚደርስበት ነገር ነው። ዕቃ ክፍል ውስጥ ባዶውን ተቆልፎ የተቀመጠ ሽጉጥ እስከ ማረፊያው ድረስ ከብረት ቁራጭ አይለይም።

አደጋው ያለው ካረፈ በኋላ ነው። በዚህ ላይ ከአሜሪካው ሥርዓት ጋር እለያያለሁ።

እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 2017 አንድ ሰው ከአላስካ ተነሥቶ ፍሎሪዳ፣ ፎርት ላውደርዴል ገባ። ሽጉጡን በደንቡ መሠረት አስመዝግቦ፣ ቆልፎ፣ በዕቃ ክፍል አስጭኖ ነበር። አንድም ሕግ አልጣሰም። ሲደርስ ሻንጣውን ተቀበለ፣ መጸዳጃ ቤት ገባ፣ ሽጉጡን አጎረሰ፣ ወጣና ሻንጣቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ላይ ተኮሰ። 5 ሰዎች ሞቱ። ይህ ሰው ከሁለት ወር በፊት ራሱ ወደ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሄዶ አእምሮዬን የሚቆጣጠሩት አሉ ብሎ ነበር። ፖሊስ ሽጉጡን ወስዶበት፣ በኋላ መልሶለታል።

የነገሩ ትምህርት ግልጽ ነው። መነሻው ላይ በአሥር ቁልፍ ብንቆልፍ፣ መድረሻው ላይ ሕዝብ መሀል እጁ ላይ ካስቀመጥንለት ቁልፉ ምን ጠቀመ? መሣሪያ ከሌላው ሻንጣ ጋር ሊወጣ አይገባም። ተቀባዩ ለብቻው ተጠርቶ፣ ፈቃዱና መታወቂያው ተመሳክሮ፣ ከተሳፋሪው ርቆ፣ ከፖሊስ እጅ ቢረከብ ነው የሚበጀው። ጥይቱም ከሽጉጡ ተለይቶ ታሽጎ ይምጣ። ባላገሩ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም መሣሪያውን ደጅ አኑሮ፣ ሲመለስ ይዞ ወደ መንገዱ ይሄዳል እንጂ ሕዝብ መሀል ቃታ አይነካም።

ሁለተኛው ቁም ነገር ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ካርቱም ያደረሰው 72 ሣጥን መሣሪያ የፈጠረውን ግርግር ታስታውሳላችሁ። የሱዳን ባለሥልጣናት መሣሪያውን ያዙ፤ መንግሥት ለመገልበጥ የመጣ ነው የሚል ጥርጣሬ ተናፈሰ። አየር መንገዱ ሕጋዊ ሰነድ ያላቸው የአደን ጠመንጃዎች ናቸው አለ። ዕቃው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ከሞስኮ ተነሥቶ ለማጣራት ተብሎ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ገደማ የቆየ ነበር። በኋላ የሱዳን አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርም ፈቃድ ያለው ነጋዴ ንብረት መሆኑን ተናገረ። ሕጋዊ ጠመንጃ ነው፣ ሕጋዊ ነጋዴ ነው፣ ሕጋዊ ጭነት ነው። ተቀባዩ ወገን በጊዜው አምኖ ያልጠበቀው መሣሪያ ግን ሁለት አገር ሊያጣላ ምንም አልቀረው። በአንድ ሽማግሌ ሽጉጥም ያው ነው፤ ወረቀቱ ከብረቱ ቀድሞ መድረስ አለበት።

መሠረቱ ደግሞ አለን። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሎ፣ ፈቃድን ከሰው ጋር ያያይዛል። ባለፈቃዱ ማን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደያዘ መንግሥት ያውቃል ማለት ነው። ባለፈቃዱ ከመብረሩ አንድ ሁለት ቀን በፊት ለፖሊስ ቢያስታውቅ፣ የመሣሪያው ቁጥርና የበረራው ቀን መድረሻው ላለው ፖሊስ ቢተላለፍ፣ ቀሪው ሥራ ቆጥሮ መስጠትና ቆጥሮ መቀበል ነው።

«ድሬዳዋ ስንት ሰው ነው ሽጉጥ ይዞ የሚበር? ለጥቂት ሰው ይህ ሁሉ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥቂት ስለሆነ እኮ ነው የሚቻለው! የከተማችንን አቀማመጥ ደግሞ አስቡ። ድሬዳዋ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስባት የተወለደች ከተማ ናት። ከባሕር ወደ መሀል አገር የሚገባ ሁሉ ያለፈባት ናት፤ ጨርቁም ስኳሩም ጠመንጃውም። ከዚያ በፊት እንኳ ገጣሚው ራምቦ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት ሺሕ ያህል ጠመንጃ ከታጁራ ለምኒልክ ሲያመጣ የንግዱ መስመር ይኸው ምሥራቁ ነበር። ዛሬም በየኬላው አውቶብስ ቆሞ ተሳፋሪ ወርዶ የሚፈተሸው፣ ማዳበሪያ የሚወጋው ለዚሁ ነው።

ሕጋዊ ሰው ሕጋዊ በር ሲያጣ የሚሄደው ወደዚያው መንገድ ነው። «እህል መሀል ከተህ ላካት» ያለው ልጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያውቀውን መንገድ ነው የነገረው። ያ ማዳበሪያ ኬላ ላይ ቢያዝ ሾፌሩ ይታሰራል፣ ስድሳ ሰው ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ሽማግሌው ከኮንትሮባንድ ነጋዴ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ፖሊስም የእውነተኛውን ነጋዴ ጭነት ሊያሳድድበት የሚገባውን ሰዓት የአንድ ጡረተኛ አሮጌ ሽጉጥ ሲያጣራ ይውላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሥርዓቱ ሥርዓት የሚሆነው ለሁሉም ሲሆን ነው። ሲቪል ለብሶ መታወቂያ እያሳየ የሚያልፍ ባለሥልጣን፣ አጃቢ፣ የጸጥታ ሰው በግል ጉዳዩ ሲጓዝ እንደ ጡረተኛው ያውጣ፣ ያስቆጥር፣ ያስረክብ። ማዕረግ ከሽጉጥ ውስጥ ጥይት አያወጣም። በሥራ ላይ ያለ የበረራ ጥበቃ የራሱ ሕግ አለው፤ እሱን አልነካሁም። የግል ጉዞ ግን የግል ጉዞ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በአባ ጠና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ በሌሎቹ ሁሉ፣ በውጭው በር ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የተጻፈ አንድ ሰሌዳ ይቁም፦ መሣሪያ የያዘ ከፍተሻ በፊት እዚህ ያሳውቅ፤ ባዶ መሆኑ በባለሙያ ይረጋገጣል፤ ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ሲደርስ ከፖሊስ እጅ ይረከባል፤ ሳያሳውቅ የተገኘበት ይጠየቃል። የሚሰጠው ክፍልና ስልኩ ከሥሩ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ «አላወቅሁም» የሚል ምክንያት አይሠራም፤ ሕጉም ያለ ርኅራኄ ቢሠራ ቅር አይለኝም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

የሠፈራችን ልጅ አባት እስካሁን አልሄዱም። ጓዙ ታስሯል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሏል፤ ሽጉጧ ቁም ሣጥን ውስጥ ናት። እዚያ ቤት የልጅ ልጆች እየመጡ ይጫወታሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ አውሮፕላኑ ሳይሆን ያ ቁም ሣጥን ነው። መንገድ ያላገኘ መሣሪያ የትም አይጠፋም፤ የተቀመጠበት ቤት ይጠብቃል።