«ማን ያሸንፋል?» ከማለታችን በፊት



ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ሸጎሌ አካባቢ ሻይ ይዘን ስንጨዋወት ወሬው ወደ ምርጫ ዞረ። አንዱ «ፓርላማውን ማን እንደሚወስደው ምን ያጠያይቃል? ብልጽግና ነው» አለ። ሌላው «1997ን ረሳኸው እንዴ?» ብሎ ተነሳበት። አንድ ወጣት እየሳቀ «እንወራረድ!» ሲል አጠገቡ የነበሩ አባት «ተው ልጄ፣ ቁማር ነው» ብለው ገሠጹት።

ውርርዱ ሐራም ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። መገመቱ ግን ገይብ አውቃለሁ ማለት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንየው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎች ብልጫ ያገኘ ያልፋል፤ ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም። ከ100 ድምፅ አንዱ 30 ቢያገኝ፣ የቀረው 70 ለአራት ሰው ቢከፋፈልና ማንም 30 ባይደርስ፣ ባለ 30ው ወንበሩን ይወስዳል። ስለዚህ በየቦታው መዋቅር ያለው ገዢ ፓርቲ፣ የተበታተነ ተቃዋሚ ሲገጥመው፣ ካገኘው ድምፅ በላይ ወንበር ይይዛል። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ያዙ። በ2013 በሐምሌ ውጤታቸው ይፋ ከሆነ 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410ሩን ወሰደ። ይህን ላየ፣ አብላጫውን ማን ይይዛል ለሚለው «ብልጽግና» ያለው ሰው ግምቱ ከባድ አይደለም።

1997ን ያነሳውም ግን አልተሳሳተም። ያኔ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። በአገር ደረጃ ግን አብላጫው በኢሕአዴግ እጅ ቀረ። በቀጣዩ ምርጫ እዚሁ ከተማ ያለፈው ተቃዋሚ አንድ ብቻ ነበር፤ አቶ ግርማ ሰይፉ። እኚህ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ አዳራሽ ሲጠይቁና ሲቃወሙ አገር ሰምቷቸዋል።

ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ547ቱ 23 ብቻ ነው ያላት። የጉለሌ ሰው ፓርላማውን ማን እንደሚቆጣጠር ብቻውን አይወስንም። የጉለሌ ተወካይ ማን እንደሚሆን ግን ይወስናል። እኛ የማንወስነውን ስንተነብይ እየዋልን የምንወስነውን ረስተናል። «ያው ነው» ያለውም ካርድ አላወጣም፤ «ለውጥ ይመጣል» ያለውም አላወጣም። ሁለቱም ተመልካች ናቸው።

ይህ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። መጅሊሳችን በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በዚሁ ምክር ቤት ነው፤ በ2012። ከወለድ ነፃ ባንክ በራሱ እንዲቋቋም መንገድ የከፈተውም በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1159 ነው። ዛሬ ዘምዘምና ሂጅራ ባንክ ገብተን ሒሳብ የምንከፍተው ለዚያ እጅ የወጣበት ቀን ስላለ ነው። ነገ ስለ ሒጃብ፣ ስለ መስጂድና ስለ ቀብር ቦታ ሕግ ቢመጣ እጅ የሚያወጣው ወይም ዝም የሚለው ያው ተወካይ ነው።

የድምፅን ዋጋ ደግሞ ማንም አያስተምረንም። በ2004 «መሪዎቻችንን በመስጂዳችን እንምረጥ» ብለን ስንጠይቅ ምርጫው በ2005 መጀመሪያ በቀበሌ ተደረገ። ለዚያ ጥያቄ ወንድሞቻችን ታስረዋል። በ2017 ነሐሴ በየመስጂዱ ተሰልፈን ስንመርጥ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ብዙ አባቶች አልቅሰዋል። ለመጅሊስ የተሰለፈ እግር ለፓርላማ ለምን ይከብደዋል?

ማንን ምረጡ አልልም፤ መስጂድም የፓርቲ መድረክ አይሁን። ግን ካርድ እናውጣ፣ እናቶቻችንንና እህቶቻችንንም ይዘን እንሂድ። እጩው ቡና ጠጡ ብሎ ሲጠራን ጉዳያችንን ጽፈን ይዘን እንጠይቀው። መልሱን መዝግበን ከአምስት ዓመት በኋላ እናስታውሰው። ድምፅ አማና ነው፤ በዘር፣ በዝምድና ወይም በዘይትና በስኳር አይሰጥም።

ግመሉን ሳያስር ተወኩል ያለ የለም። ሰበቡን እናድርስ፤ ውጤቱ የአላህ ነው። አላህ ለአገራችን ሰላሙን፣ ለሕዝባችን ኸይሩን ይምረጥልን።

ወላሁ አዕለም።