ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተሰቀለ መሰላል

ዩኒፎርሙን ያወለቀ ወታደር "አብራሪ ልሁን" ካለ፣ የአሜሪካ መንግሥት የሚከፍልለት ገንዘብ አለው። ጣጣው ክፍያው ከየት ይጀምራል የሚለው ላይ ነው።

"ታዲያ እኛ ምን አገባን?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባናል። በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የተፈቀደው ማቭኒ የተባለ የውትድርና ምልመላ ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ግሪን ካርድ ሳይኖራቸው በዚያ በር ገብተው ወታደር የሆኑ፣ ዜግነትም ያገኙ ሐበሾች አሉ። በሩ በ2016 ተዘጋ። የገቡት ግን የሚፈለገውን ጊዜ ካገለገሉ እንደ ጓዶቻቸው ሁሉ የ"ጂ.አይ. ቢል" ትምህርት ይገባቸዋል።

ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ይህ ሕግ በበረራ ትምህርት ቤት ለሚማር፣ በዓመት እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ፣ ይከፍላል። ለኢንስትሩመንት፣ ለኮሜርሻል፣ ለአስተማሪነት ፈቃድ ይከፍላል። ግን "መጀመሪያ የግል አብራሪነት ፈቃድህን ይዘህ ና" ይላል። ያ ፈቃድ ደግሞ ባብዛኛው ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ይጠይቃል፤ ዛሬ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። ማታ ማታ ታክሲ እየነዳ ለእናቱ ብር የሚልክ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? መሰላሉ አለ፤ የተሰቀለው ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።

የሕጉ ሐሳብ ይገባኛል። የመጀመሪያው ጂ.አይ. ቢል በ1944 ሲወጣ ብዙ ተመላሽ ወታደር ወደ በረራ ትምህርት ቤት ጎረፈ። በ1948 ኮንግረስ "ለመዝናኛ በረራ አንከፍልም" አለ። ስጋቱ ዛሬም ከንቱ አይደለም። በ2015 ሎስ አንጀለስ ታይምስ እንደዘገበው፣ በኮሌጅ በኩል ለሚሰጥ የሄሊኮፕተር ሥልጠና ለአንዳንድ ተማሪ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ የተከፈለበት ጊዜ ነበር።

ግን ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው በኮሌጁ በር ነው። በረራው የዲግሪው አካል ከሆነ መንግሥት ከዜሮ ጀምሮ ሊከፍል ይችላል። ወደ ትንሹ የበረራ ትምህርት ቤት ለሚሄደው ግን ያው የመጀመሪያ ፈቃድ "መዝናኛ" ይባልበታል። በዚያ ፈቃድ ሳያልፍ ካፒቴን የሚሆን ሲቪል ተማሪ ደግሞ የለም። እንግዲህ ሕጉ የሚለየው ሠራተኛውን ከተዝናኙ ሳይሆን፣ ያለውን ከሌለው ነው።

መፍትሔው የሚከብድ አይመስለኝም። ልጁ የመጀመሪያውን ፈቃድ ይማር፤ ኢንስትሩመንቱን ሲጨርስ የመጀመሪያው ወጪ፣ በጣሪያ ተወስኖ፣ ይመለስለት። ለመዝናናት የመጣ እዚያ አይደርስም፤ ለእንጀራ የመጣ ይደርሳል።

እስከዚያው ግን አንድ የተረሳ ወገን አለ። ድሮ የግል ፈቃድ አውጥተው፣ ግዳጅ፣ ኪራይ ወይም ልጅ መጥቶባቸው መብረር ያቆሙ። ብዙዎቹ "ጊዜው አልፎበታል" ብለው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ጥለውታል። አላለፈበትም። የአሜሪካ የአብራሪነት ፈቃድ በጊዜ ብዛት አይሞትም። ለመመለስ የሚያስፈልገው የጤና ምርመራና ከአስተማሪ ጋር የሚደረግ ክለሳ ነው፤ ክለሳው ቢያንስ 1 ሰዓት ትምህርትና 1 ሰዓት በረራ ይጠይቃል። ሰው ለማሳፈር ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ 3 ጊዜ ተነስቶ ማረፍ ነው። እነዚህ ሰዎች ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመዋል፤ መሰላሉ ከአጠገባቸው ነው።

ስለዚህ ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። አንድ ነገር ግን አደራ በሏቸው፤ ለትምህርት ቤት ብር ከመክፈላቸው በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሕጉ የሚፈልገው የሁለተኛ ደረጃውን የአብራሪ ጤና ማረጋገጫ ነው፤ ያ ካልተገኘ ጂ.አይ. ቢሉ አይከፍልም።