በሞተር ብስክሌት ሩቅ መንገድ ለመሄድ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ልጅ

ልጅ አድጎ ጐልማሳ በሆነ ጊዜ ከአባቱ ቤት ወጥቶ አገሩን ለማየት መመኘቱ የተፈጥሮ ነገር ነው። በቀድሞው ዘመን መኳንንቱ ልጃቸውን ወደ ሩቅ አገር ሲሰዱት በቅሎ አስጭነው፣ ስንቅ አሲዘው፣ መንገድ የሚያውቅ ሎሌ ጨምረውና መርቀው ይሸኙት ነበር። የዛሬው ጐልማሳ ግን በቅሎ አይጠይቅም፤ በሞተር ብስክሌት ተነሥቼ በአምቦ በኩል እስከ ነቀምት ደርሼ ልመለስ፣ ፍቀዱልኝ ይላል። ይህን ጊዜ እናት ትጨነቃለች፤ አባትም ወይ ተቈጥቶ ይከለክላል፣ ወይም ልጁ እንዳያኰርፍበት ብሎ አንዳች ሳይጠይቅ ይለቀዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አይበጁም።

መንገዱ በእውነቱ ሊታይ የሚገባው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ያቀና ሰው አስቀድሞ ሆለታን ያገኛል፤ በ1927 ዓ.ም. የገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ናት። ቀጥሎ አዲስ ዓለም አለች። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ባነሰ ጊዜ ዋና ከተማቸውን ወደዚህች ስፍራ ለማዛወር አስበው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ችግሩ ሲቃለል ግን አሳቡ ቀረና ለቤተ መንግሥት የታሰበው ስፍራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከጊንጪ ወዲያ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ በፍል ውሃዋና በማዕድን ውሃዋ እንግዳውን ትቀበላለች። ከእርስዋ 12 ኪሎ ሜትር ያህል አለፍ ሲባል ውሃው ወደ ዐባይ የሚወርደው የጉደር ወንዝ ይገኛል። ከዚያም በባኮ በኩል ነቀምት ይገባል፤ ጠቅላላው 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ልጅ በዓይኑ ቢያየው አገሩን አብልጦ ይወዳልና ምኞቱን እንደ ከንቱ ነገር መቍጠር አይገባም።

ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሩት የመንገዱን ርዝመት ነው። ነገር ግን ርዝመት ብቻውን ሰው አይገድልም። ለዚህም በፈረንጆች አቈጣጠር በአንዱ በ1935 ዓመት የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ምስክር ይሆኑናል።

ተሬዛ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሴቶች በዲሴምበር 1934 ከሎንዶን ተነሥተው፣ በጐኑ መቀመጫ በኋላውም የዕቃ ተሳቢ በተቀጠለበት ሞተር ብስክሌት የሰሐራን በረሃ አቋርጠው፣ በጁላይ 1935 በደቡብ አፍሪቃ ኬፕ ታውን ገቡ። በዚያን ጊዜ ተሬዛ ገና 26 ዓመቷ ነበር። በበረሃው ሞተሩ ቢበላሽ በአጋዴዝ ከተማ ፈታተው እንደ ገና ሠሩት፤ ተሬዛ አስቀድማ ምሕንድስና ተምራ ነበርና። ይህች ሴት በኋላ በአሜሪካ የሞተር ብስክሌት መንዳት የሚያስተምር ትምህርት ቤት አቋቁማ ብዙ ሰዎችን አስተማረች፤ በ1999 በ90 ዓመቷ ዐረፈች።

ሁለተኛው ነገር የዐረቡ ሎሬንስ በመባል በዓለም የታወቀው እንግሊዛዊ የጦር መኰንን ታሪክ ነው። እርሱ ሞተር ብስክሌት መንዳትን ከልቡ የሚወድ፣ ልምዱም የበዛ ሰው ነበር። ሆኖም በሜይ 13 ቀን 1935 ከቤቱ አቅራቢያ፣ ዘወትር በሚያውቀው መንገድ ሲነዳ፣ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን እንዳይገጭ ዘወር ቢል ወድቆ ራሱን ተመታ፤ በስድስተኛውም ቀን ሞተ። በራሱ ላይ የራስ ቍር አላደረገም ነበር። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ በሞተር ብስክሌት አደጋ ራሳቸው የሚጐዳውን ሰዎች ነገር ከዚያ በኋላ መረመረ፤ በ1941 ምርመራውን አሳተመ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ወታደሮቹ የራስ ቍር እንዲያደርጉ አዘዘ። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ የራስ ቍር በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል ከመቶ 40 ያህል፣ የራስን ጕዳት ደግሞ ከመቶ 70 ያህል ይቀንሳል።

እንግዲህ አፍሪቃን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጡት በደኅና ገብተው፣ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው ቀረ። ስለዚህ ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ያህል ትርቃለህ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ያህል ተዘጋጅተሃል?» ብሎ ነው።

አስቀድሞ ትምህርት ይፈለጋል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና። ልጁ መንጃ ፈቃድ ይኑረው። ጎማ ቢተነፍስ ካላማዳሪውን መለወጥ፣ ካንዴላውን ፈትቶ መጥረግ፣ የላላ ሰንሰለት ማጥበቅ፣ ፍሬኑንም መመርመር በእናት በአባቱ ፊት ያሳይ። መጀመሪያ ሆለታ ደርሶ ይመለስ፤ ሌላ ቀን አምቦ ሄዶ ይደር፤ ነቀምት ከዚህ በኋላ ይሁንለት። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን የሚገዛ አባት የራስ ቍሩን አስቀድሞ ይግዛ። ልጁም ለሩቅ ጉዞ ብቻ ሳይሆን እስከ ጐረቤት ሱቅ ሲሄድ እንኳ ማሰሪያውን አጥብቆ ያድርገው።

ሦስተኛ፣ ጊዜን መምረጥ ነው። በክረምት የጊንጪ መረሬ አፈር በጎማና በከብት ኰቴ እየተሳበ አስፋልቱ ላይ ሲወጣ መንገዱን ያሟልጫል፤ ስለዚህ ከመስቀል በኋላ ያለው ወራት ይሻላል። በገበያ ቀን ሰውና ከብት መንገዱን ይሞላዋልና በዝግታ ይለፍ። ፀሐይ ስትጠልቅ ካለበት ከተማ አልፎ አይሂድ፤ በጨለማ መብራት የሌለው ጋሪና የተኛ ከብት አይታዩም።

አራተኛ፣ የአገሩን ሰላም መጠየቅ ነው። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ ግጭት ስለ ነበረ፣ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቁ ሰዎች ይጠይቅ፤ አትለፍ ከተባለም ይመለስ። መመለስ ነውር አይደለም። በየከተማው ሲደርስ ለእናቱ በስልክ ደኅንነቱን ይንገራት፤ ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም እናትን ከብዙ ጭንቀት ያሳርፋል።

ፈቃድ የምትጠይቀው ሴት ልጅ ብትሆንም ሕጉ ይኸው ነው፤ ከላይ የተናገርንላቸው ሴቶች ይበቃሉ።

እነዚህ ነገሮች ያልተሟሉ እንደ ሆነ አባት «ቈይ» ይበል እንጂ «ከቶ አይሆንም» አይበል። «ቈይ» የተባለ ልጅ ይማራል፤ «አይሆንም» የተባለ ግን ሰርቆ ይሄዳል፤ ሰርቆ የሄደም የት እንዳለ የሚያውቅለት ሰው የለውም። የተሟሉ እንደ ሆነ ግን እንደ ቀድሞዎቹ አባቶች ስንቁን አሲዞ፣ መርቆ፣ በር ድረስ ወጥቶ ይሸኘው።